ከአልጋ ስር ያሉት 140 ስኬቾች

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ጠያቂዋ 27 ዓመቷ ነው፣ ሂሳብ ሠራተኛ ነች፣ ከስምንት ዓመት በላይ በእርሳስ ትስላለች፣ አብዛኛው ጠዋትና ማታ ታክሲ ውስጥ ያየቻቸው ሰዎች ናቸው። 140 የሚሆኑ ስኬቾች በፌስታል ተጠቅልለው አልጋዋ ስር አሉ፣ ከእህቷ በስተቀር ያየ የለም። ባለፈው አንዱን ፖስት አድርጋ በሀያ ደቂቃ ውስጥ አጠፋችው። "ትምህርቱን ስላልተማርኩ ራሴን ሰዓሊ ብዬ መጥራት ያሳፍረኛል፣ ሰው የሚወደው ደሞ ትልልቅ አይን ያላቸውን ቆንጆ ሴቶች ነው፣ እሱን ልሳል ወይስ የራሴን? ጋሼ፣ በራስ መተማመኑን እንዴት ላምጣው?" ትላለች። አንድ ስዕልም አያይዛለች።

እሺ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርና ልገላገል። በራስ መተማመኑ አይመጣም። ማለቴ አስቀድሞ አይመጣም። ከሀያ ዓመት በላይ ስዕል አስተምሬያለሁ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ እንዳንቺ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ የሚመጡ ነበሩ፣ ባንክ የሚሠራ አለ፣ ነርስ አለች፣ አንድ ሹፌርም ነበር፣ እና በራስ መተማመኑ ሞልቶለት ሥራውን ያሳየ አንድ ሰው አላስታውስም። ሁሉም እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው ወረቀቱን የሚዘረጋው። አንዳንዱ ደሞ ከዘረጋ በኋላ በክርኑ ይሸፍነዋል፣ ይሄን ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ስለዚህ አንቺ ድፍረቱ እስኪመጣ ብለሽ ከጠበቅሽ ስኬቾቹ 140 ሳይሆኑ 500 ይሆናሉ፣ አልጋው ከፍ ይላል እንጂ ሌላ የሚሆን ነገር የለም።

እኔም ራሴ ጀግና እንዳልመስልሽ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። መጀመሪያ የተሳተፍኩበት የቡድን ኤግዚቢሽን ላይ ሁለት ሥራ ነበረኝ፣ አንዱ መርካቶ በርበሬ ተራ አቧራው መሀል የቆመች ሴት ነበረች። የመክፈቻው ቀን ከሥራዬ አጠገብ ቆሜ እንግዳ መስዬ በፕላስቲክ ብርጭቆ ወይን እጠጣለሁ። ኮት የለበሰ ሰውዬ መጣና ረጅም ሰዓት ቆሞ አየው፣ ከዛ ወደኔ ዞር አለና "ይሄ ግን አላለቀም አይደል?" አለኝ። ምን ብዬ ብመልስለት ጥሩ ነው? "አዎ እኔም እንደዛ ነው የመሰለኝ፣ ሰዓሊው ሳይቸኩል አልቀረም" አልኩት! በራሴ ሥራ ላይ! ሰውዬው ግን አላቆመም፣ በጣቱ ከሸራው ትንሽ ራቅ አድርጎ ወደ ታችኛው ጥግ እያሳየኝ "እዚህ ጋ ግን አቧራው ደስ ይላል፣ እንደው ያስነጥሳል" ብሎ ሄደ። እኔ እዛ ጥግ ላይ ምን እንዳደረኩ አላውቅም ነበር፣ ቀለሙ አልቆብኝ በጨርቅ የጠረግኩት ቦታ ነው። ተከትዬው ሄጄ ምን እንዳየ ብጠይቀው ደስ ባለኝ፣ ግን ቅድም ሰዓሊውን አብሬው አምቼዋለሁ፣ አሁን እንዴት ብዬ እኔ ነኝ ልበለው? አቧራውን እንደገና ለመሳል ከዛ በኋላ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። መደበቅ ከስድብ ያድናል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን እንዲህ ያለውንም ነገር ነው ይዞብሽ የሚሄደው።

አሁን "ለምን እንዲህ እንፈራለን" ወደሚለው ልግባ። ነጮቹ ለዚህ አንድ ስም አላቸው፣ "ኢምፖስተር ፌኖሜነን" ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ሁለት አሜሪካዊያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ናቸው ያወጡለት፣ በሥራቸው የተሳካላቸው ሴቶች "እኔ አስመሳይ ነኝ፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል" ብለው ሲጨነቁ አይተው የጻፉት ነው። ጠቃሚ ነገር ነው አልክድም፣ ግን ለኛ ሰው እሱ ብቻ አይበቃም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ነገሩ ጥልቅ ስር አለው፣ ስሙም ይሉኝታ ነው። አስመሳይነቱ የሚፈራው እንዳይነቃበት ነው፣ ይሉኝታ ግን ጎበዝ ብትሆኚም አይለቅሽም፣ እንደውም ጎበዝ ስትሆኚ ይብሳል፣ "ታየች፣ ተንቀባረረች፣ እሷ ደሞ ምን ስለሆነች ነው" መባልም አለ።

ይሄ ደሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እዚህ አገር የእጅ ጥበብ ያለው ሰው ለረጅም ዘመን ሲፈራና ሲናቅ ነው የኖረው፣ ሸክላ የምትሠራዋ ቡዳ ትባላለች፣ ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ ይባላል፣ ጠይብ ማለት ያው ጥበበኛ ማለት እኮ ነው ግን ስድብ ሆነ፣ አዝማሪውም ሠርጉ ላይ ይፈለጋል ልጅ ለመዳር ግን ይሸሻል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፣ አስቢው፣ አዋጅ ያስፈለገው ነገር! የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎቻችን ደሞ በሌላ በኩል፣ በትሕትና፣ አብዛኞቹ ስማቸውን ሥራቸው ላይ አላሰፈሩም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ የነበረውን ፍሬ ጽዮንን ዛሬ በስሙ የምናውቀው ጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ ስሙ ስለተጻፈ ነው፣ ባይጻፍ እሱም እንደሌሎቹ ስም የለሽ ሆኖ ይቀር ነበር። እና አንቺ በሀያ ደቂቃ ውስጥ ፖስቱን ስታጠፊ ብቻሽን አልነበርሽም፣ ቅድመ አያቶችሽም አብረውሽ ዲሊት የሚለውን ተጭነዋል። ይሄን የምልሽ ጥፋቱ ከባህሪሽ እንዳልመጣ እንድታውቂ ነው፣ "እኔ ፈሪ ነኝ" እያልሽ በዛ ላይ ሌላ ሸክም አትጨምሪ።

ጥርጣሬው ራሱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፣ ይሄ ነው ዋናው ነገር፣ ተማሪዎቼን ሁሉ የማስቸግራቸውም በዚህ ነው። እኔ የእጅ ጥርጣሬ እና የስም ጥርጣሬ እላቸዋለሁ። የእጅ ጥርጣሬ ቦታ አለው፣ ጣትሽን አስቀምጠሽ "እዚህ ጋ" ማለት ትችያለሽ። የስም ጥርጣሬ ቦታ የለውም፣ "ማን ስለሆንኩ ነው" ነው የሚለው፣ "የት ጋ ነው ችግሩ?" ብትዪው መልስ የለውም።

ባያያዝሽው ስዕል ላሳይሽ። ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ የተኛች ሴትዮ ናት፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቷል፣ ጭኗ ላይ ፌስታል አለ፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ጉንጯ መስታወቱ ላይ ተጨፍልቆ የወጣበትን ቦታ ሳይ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ የኔ ጉንጭ ቀዘቀዘኝ። ክብደት አለው ጭንቅላቷ። ጭንቅላት እንዲከብድ ማድረግ በትምህርት ቤትም የሚሰጥ ነገር አይደለም፣ አራት ዓመት ተምረው ጭንቅላቱ እንደ ፊኛ የሚንሳፈፍባቸው አሉ። ቀኝ እጇ ግን ልክ አይደለም። በጣም አንሷል፣ ጣቶቹም ቃሪያ መስለዋል። የሰው መዳፍ ከነጣቱ ፊት ላይ ብታስቀምጪው ከአገጭ እስከ ፀጉር መነሻ አካባቢ ይደርሳል፣ አሁኑኑ የራስሽን ፊት ላይ ሞክሪው፣ ያንቺዋ ሴትዮ እጅ ግን አፍንጫዋም ጋ አይደርስም። እጅ ስለሚከብድሽ ቶሎ ብለሽ አልፈሽዋል፣ ገብቶኛል፣ ሁላችንም እንዲህ አድርገናል፣ ኪስ ውስጥ የከተትናቸው እጆች ብዛታቸው!

ይሄ የእጅ ጥርጣሬ ነው፣ እና ልክ ነሽ፣ ጠርጥሪ። ለአንድ ወር እጅ ብቻ ሳዪ፣ የራስሽን ግራ እጅ፣ የእህትሽን ሽንኩርት ስትልጥ፣ የረዳቱን ብር ሲቆጥር (የታክሲ ረዳት ብር በጣቶቹ መሀል የሚያጥፍበትን መንገድ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ለስዕል የተፈጠረ ነገር ነው)። "ሰዓሊ ተብዬ ልጠራ ይገባኛል ወይ" የሚለው ግን የስም ጥርጣሬ ነው፣ እሱን ብትስይው አይታረም ብትማሪ አይታረም። ዲፕሎማ ይዘውም እሱን የሚያስታምሙ ሰዎች አውቃለሁ። እሱን ተይው፣ ሰዓሊ ነኝ አትበይ፣ ማን አስገደደሽ? "እስላለሁ" በይ። ግስ ነው፣ ማንም አይከራከርሽም።

ሰው ሁሉ ያየኛል ብለሽ ለምትፈሪው ደሞ አንድ የምወደው ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ነው፣ አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎችን የሚያሳፍራቸውን የአንድ ዘፋኝ ትልቅ ፎቶ ያለበት ቲሸርት አስለብሰው ሌሎች ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ያስገቧቸዋል፣ ከዛ አውጥተው "ከውስጥ ካሉት ስንቱ ቲሸርትህን ያስተዋለ ይመስልሃል?" ይሏቸዋል። ግማሽ የሚሆነው አስተውሎናል ብለው ገመቱ። በትክክል ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ነው። በሀያ ደቂቃ ውስጥ ያንቺን ፖስት ያየው ሰው ቁጥር ምናልባት ከታክሲው ተሳፋሪ አይበልጥም፣ ካዩትም አብዛኞቹ ምሳ እየበሉ በአውራ ጣት ያለፉሽ ናቸው። ትንሽ ያማል አይደል ይሄ? ግን ያቀላል።

ስለ መቆየት ካነሳን ስለ ኃይሉ መርጊያ ልንገርሽ፣ የዋሊያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዛው ቀረ። በ1985 ብቻውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ አንድ ካሴት ቀዳ፣ ከዛ በኋላ መድረኩ እየራቀው ሄዶ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ጀመረ፣ ዳለስ ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ ኪቦርዱን ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ያቺን ካሴት ባህር ዳር አግኝቷት በ2013 እንደገና ታተመች፣ ኃይሉም ዓለምን እየዞረ መጫወት ጀመረ፣ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ሰው ይሄን ታሪክ የሚያወራው ለኪቦርዱና ለታክሲው ነው፣ ልክ ነው፣ ያምራል፣ ማንም ሳያየው መለማመዱን አለማቆሙ ትልቅ ነገር ነው፣ አንቺም ይሄኛውን ግማሽ አድርገሽዋል፣ ስምንት ዓመት ሠርተሻል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ግማሽ ነው፦ ካሴቷ ባህር ዳር የተገኘችው በ1985 ከቤት ስለወጣች ነው። አልጋ ስር ብትሆን ማን ያገኛት ነበር? የወጣ ነገር አንቺ በረሳሽው ሰዓትም ብቻውን ይዞራል፣ አልጋ ስር ያለውን ግን አይጥ ነው የሚያገኘው፣ ይቅርታ።

እንዴት ይውጣ ካልሽኝ፣ ፖስት አታድርጊ። አዎ፣ ገና አታድርጊ! ከእህትሽ ወደ መላው ዓለም በአንድ ጊዜ መዝለልሽ ነው ያስደነገጠሽ። መጀመሪያ ለአንድ ሰው አሳዪ፣ ዘመድ ያልሆነ፣ ቢቻል ስዕል የማያውቅ ግን አይኑ የማያልፈው ሰው፣ ብዙ ጊዜ ልብስ ሰፊዎች ጥሩ ናቸው፣ ፎቶ ቤት የሚሠሩም። ስታሳዪው "እንዴት ነው?" ብለሽ አትጠይቂ፣ አበሻን "እንዴት ነው" ብሎ መጠየቅ ማለት "አሪፍ ነው በለኝ" ማለት ነው፣ እሱም ይሉኝታ ይዞት አሪፍ ነው ይልሻል፣ ሁለታችሁም ምንም ሳታተርፉ ትለያያላችሁ። "መጀመሪያ አይንህ የት አረፈ?" በይው። "ይቺ ሴትዮ ወዴት እየሄደች ይመስልሃል?" በይው። ከሥራ እየተመለሰች ነው ካለሽ ስዕሉ ተናግሯል። "እጇ ታሟል እንዴ?" ካለሽ እሱም ተናግሯል።

ከዛ ወደ ሦስት ሰው፣ ከዛ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ያሉበት ትንሽ የቴሌግራም ግሩፕ፣ ከዛ ነው አደባባይ። ፎቶ ስታነሺ ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍተሽ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ትይዩ አድርገሽ፣ እርሳስ በፍላሽ ያብለጨልጫል፣ የለፋሽበት ጥላ ሁሉ ግራጫ ሆኖ ይጠፋል። ፖስት ካደረግሽ በኋላ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጠሽ ልብስ እጠቢ፣ ቡና አፍይ፣ ምናምን፣ ብቻ የመጀመሪያዋን ሰዓት አትጠብቂያት።

እና እባክሽ ከስዕሉ ስር "ያው ዝም ብዬ የሞከርኩት ነው፣ ብዙም አልሆነም" ብለሽ አትጻፊ! ያጠፋሽው ፖስት ላይ እንዲህ ብለሽ ነበር ብዬ በሃምሳ ብር እወራረዳለሁ። ከየት እንዳመጣነው አውቃለሁ፣ ከእናቶቻችን ነው፣ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ አድራ፣ ሞሰቡ ፊት ቆማ "ምንም የለውም እንግዲህ፣ ብሉ እስቲ" ትላለች። ገበታ ላይ ሲሆን ያምርበታል፣ እንግዳው ሽታው ደርሶታል፣ ውሸቷን ነው ብሎ ይስቃል። ስልክ ላይ ግን ሽታ የለም፣ ተመልካቹ ያመንሻል። "ብዙም አልሆነም" ካልሽው አይኑን የሚከፍተው የት ጋ እንዳልሆነ ለመፈለግ ነው። የስዕሉን ቦታና ሰዓት ብቻ ጻፊ፦ "መገናኛ፣ ማታ 1 ሰዓት"። በቃ።

ወደ ትልልቅ አይኖቹ ልምጣ። ቆንጆ ሴት፣ አይኗ የፊቷን ግማሽ የያዘ፣ ጀበና በእጇ፣ ከኋላዋ ላሊበላ። ይሸጣል፣ ላይክም ያገኛል፣ በዛ የሚተዳደር ሰው አልንቅም፣ የቤት ኪራይ ቀልድ አይደለም። ያንቺ እንጀራ ግን ሂሳብ ሥራው ነው! ደሞዝ እያለሽ ማንም ሳያዝሽ የሰው ትዕዛዝ የምትስዪበት ምክንያት አይታየኝም። ደሞ ሰው ምን እንደሚወድ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ መሆኑ ነው፣ መልክ የሌለው ቀለምና ቅርጽ ይዞ ሲቀርብ "ይሄ ደሞ ምንድነው" ያለው ሰው ብዙ ነበር፣ ሰው ደሞ የለመደው የቅዱሳንና የነገሥታት መልክ ነው። እሱ ሁለቱንም ሠራ፣ ቅርጽ የሌለውንም የመንገድ ዳር ድሃውንም፣ ግጥሙንም በጎን ጻፈ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማትም አገኘ፣ በስደት አሜሪካ ኦክላሆማ ነው ያረፈው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ። አንድ ቅዳሜ ሂጂና እይ፣ ግን ከሥዕሎቹ በላይ ሰዎቹን እይ፣ የትኛው ሥዕል ፊት ብዙ እንደሚቆሙ።

የራሴ የምትዪው ደሞ ምስጢራዊ ነገር እንዳይመስልሽ። ያየሽው ነው በቃ። ከሳሪስ መገናኛ ወይም የትም ይሁን በየቀኑ የምትመላለሺበትን መንገድ ከአንቺ በላይ የሚያውቀው የለም፣ የተኛ ሰው አንገት፣ ሳንቲም የያዘ ጭብጥ፣ ዝናብ ሲሆን የሚደፈነው መስታወት። ላሊበላን ግን ስንት ጊዜ ሄደሽ አየሽው?

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ታክሲ ውስጥ የተሳሉት ሰዎች አልተጠየቁም። ፊታቸው ለይቶ የሚታወቅ ከሆነ፣ በተለይ ደሞ ተኝተው ወይ አልቅሰው ከሆነ፣ ለአደባባይ ስታወጪው አፍንጫውን ቀየር፣ ፀጉሩን ቀየር አድርጊ፣ ስዕሉን አይጎዳውም። ይሄም ይሉኝታ ነው፣ ግን ጥሩው ይሉኝታ፣ ሁሉንም ጣይው አላልኩሽም።

መጥፎ ኮመንት ይመጣል፣ አይቀርም። ቦታ ያለውን (እጁ ልክ አይደለም፣ ጥላው በተቃራኒ ነው) ደብተርሽ ላይ ጻፊው፣ ቦታ የሌለውን ("ሥራ የለሽም?") አትመልሺለት። እናትሽ "ይሄ እንጀራ ይሆናል?" ካሉሽ ደሞ "እንጀራው አለ፣ ይሄ ወጡ ነው" በያቸው፣ ይስቃሉ።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስና፣ እጇን እንደገና ስትስይው ነጠላውን አትንኪው፣ እንዳለ ጥሩ ነው። እና ልጠይቅሽ፣ ጭኗ ላይ ካለው ፌስታል የወጣው ቅጠል ነገር ጎመን ነው ወይስ አበባ? ከትናንት ጀምሮ እያሰብኩት ነው፣ ጎመን ከሆነ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው፣ አበባ ከሆነ ግን ለማን ነው?